በአሥራ ስድስት ጫማ ጥልቀት

ኦዴል ክሬንሾ ጀልባው ውስጥ በጀርባው ተዘርሮ፣ ዓይኖቹን ለሐምሌ ፀሐይ እንደከፈተ ተገኘ። ያየችው የማጥመጃ ሱቅ ያላት ኒልዳ ናት። ጀልባው ከሱቁ ፊት ለፊት፣ የባርሎ ሐይቅ ውሃ ከደረት በማያልፍበት ጥግ ቆሟል። የሟቹ ማጅራት ላይ ደም ደርቋል። ሐኪሙ «ሙቀት ጥሎት ይሆናል፤ ሰው ገፍቶትም ይሆናል» ብሎ ነገሩን በእንጥልጥል ተወው።

ሸሪፉ ግን አንጠልጥሎ መተው አይወድም። «ሬይፎርድ ቲግ ነው! አምናም ከሰው ክምር ዓሣ ሲሰርቅ ነበር። እስከ ቀትር ይዘሽልኝ ነይ» አለ።

ምክትሉ ቬርና ፕሩት ባርኔጣዋን አንሥታ ወጣች። የአምናው ነገር በተነሣ ቁጥር ፊቷ ይግላል፤ ለምን እንደሆነ ለራሷም መናገር አትወድም።

በባርሎ ዳርቻ ሰው በብርዱ ወራት ዛፍ ቆርጦ፣ በድንጋይ አስሮ፣ ለሚስቱ እንኳ ሳይናገር ሐይቁ ውስጥ ያሰምጣል። ሙቀቱ ሲመጣ ክራፒ የሚባለው ዓሣ ያ የዛፍ ክምር ውስጥ ይጠለላል። ሰው ክምሩ ላይ ሲያጠምድ ያየ ፊቱን አዙሮ ያልፋል። የሌላውን ክምር የነካ ግን ከገዳይ ባልተናነሰ ያፍራል፤ አለበለዚያም ያሳፍሩታል።

ቬርና የኦዴል ጀልባ ውስጥ ገባች። አራት የማጥመጃ ዘንጎች ተደርድረዋል። የክሮቹን ርዝመት ለካች፤ አራቱም ተንሳፋፊዎች የተቋጠሩት ከመንጠቆው አሥራ ስድስት ጫማ ላይ ነው። መቅዘፊያውን ወደ ታች ሰደደች። ጭቃ ለመንካት አራት ጫማ በቃው።

ወደ ሱቁ ገባች።

«ኒልዳ፣ በዚህ ሙቀት ክራፒ የት ነው የሚገኘው?»

«አንቺ ደግሞ! እዚሁ ተወልደሽ እዚሁ ሸብተሽ ይሄ ይጠየቃል? ላዩ ፈልቷል፣ ታቹ አየር የለውም፤ ስለዚህ መሃል ነው። አሥራ አምስት፣ አሥራ ስድስት ጫማ። ኦዴል በሐምሌ እዚህ ጥግ ካጠመደ እኔ የሸሪፉ ሚስት ነኝ።»

«ከሱስ እግዜር ያውጣሽ። ነፋስ ነድቶት ይሆን?»

«ሦስት ቀን ሙሉ ቅጠል አልተነቃነቀም።»

«ዘንድሮ ዓሣ የቀናው ማን ነው?»

«ኦዴልና ዲያቆን ሆሊስ ብቻ። ዲያቆን ለቤተ ክርስቲያኑ የዓሣ ጥብስ በየሳምንቱ ሁለት ባልዲ ያመጣል። ጸሎቱ ሠምሮለት ነው መሰለኝ።»

«ኦዴል በምን ነበር ክምሩን የሚሠራው?»

ኒልዳ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ሌላው ሰው ጥድ ነው የሚያሰምጠው። እሱ ግን ሚስቱ ስትሞትበት የኮክ ዛፎቿን እያለቀሰ ቆርጦ አሰመጣቸው። የት እንደሆነ ግን ለነፍስ አባቱም አልተናገረም።»

ዲያቆን ሆሊስ ያርብሮ ጓሮው ውስጥ ዓሣ እየከተፈ ነበር።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ፣ ዲያቆን?»

«ግድቡ ጋ፣ የራሴ ጥድ ላይ። ምስኪን ኦዴልን በዓይኔም አላየሁት። ያ ሬይፎርድ ... ምን ይደረግ፣ የሌባ ዓይነ ደረቅ ነው።»

ይህን ሲል ቢላዋው አመለጠውና ጣቱን ቆረጠው። ቬርና ግድግዳው ላይ የተደገፈውን ዘንጉን አየች። መንጠቆው ላይ ገና ያልደረቀ ጭራሮ ተሰክቷል፤ ቅርፊቱ ለስላሳ ነው፣ ሙጫም አዝሏል። እሱ ጣቱን ሲጠቀልል ቀስ ብላ ነቅላ ኪሷ ከተተችው።

ሬይፎርድ የመቅዘፊያ ጀልባው አጠገብ ተቀምጦ ጠበቃት። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ ትከሻው ግን የሽማግሌ ትከሻ ይመስላል።

«ልትይዢኝ ነው፣ እትዬ ቬርና?»

«ሞተርህስ የት አለ?»

«ከግንቦት ጀምሮ እንደተበላሸ ነው።»

«ኦዴልን አይተኸዋል?»

«ጀልባውን አየሁና ፊቴን አዙሬ አለፍኩ።» ሌላም ነገር ሊል ከንፈሩን አላወሰ፤ ግን ተወው።

ቀትር ላይ ቬርና ሁሉንም ኒልዳ ሱቅ ሰበሰበቻቸው። ሸሪፉ ካቴናውን ባንኮው ላይ አኖረ።

«ክሮቹ የተቋጠሩት ለአሥራ ስድስት ጫማ ነው፤ እዚህ ያለው ውሃ አራት ጫማ ነው» አለች ቬርና። «ስለዚህ ኦዴል የሞተው ሌላ ቦታ፣ ክምሩ ላይ ነው። ነፋስ ስላልነበረ ጀልባውን ሰው ጎትቶታል። ያን ከባድ ጀልባ በመቅዘፊያ የሚጎትት የለም፤ ሬይፎርድ ደግሞ ሞተር የለውም። ለምን ተጎተተ? ክምሩ የት እንደሆነ፣ እዚያ ማን እንደነበረ እንዳይታወቅ።» ጭራሮውን አወጣች። «ይህ ኮክ ነው፣ ጥድ አይደለም። እርጥቡን ከመንጠቆዎ ላይ ነቀልኩት፣ ዲያቆን።»

ሆሊስ አንገቱን ደፋ።

«ክምሩ ላይ አገኘኝ» አለ። «አልተሳደበም። ‹አንተ? ዲያቆን?› ብቻ አለኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ጀልባዬን ሲይዝብኝ ገፋሁት፤ በማጅራቱ የራሱ ሞተር ላይ ወደቀ። አልሞተም ነበር። ላነሣው ስል ሬይፎርድ እየቀዘፈ ብቅ አለ። እዚያ እንዳልታይ ብዬ ከኦዴል ጀልባ ወዲያ የነበረው ጀልባዬ ወለል ላይ ተኛሁ። እሱ እስኪያልፍ ነው ያልኩት። ቀና ስል ኦዴል ትንፋሹ የለም።»

«ዓሣውን እኮ ሁላችንም በላን» አለች ኒልዳ፤ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

ሸሪፉ ካቴናውን አነሣ፤ ወደ ሬይፎርድ ሳያይ «አንተ ነጻ ነህ፣ ሂድ» አለው።

ሬይፎርድ ግን አልሄደም።

«ሰምቼዋለሁ» አለ። «ኦዴል ‹ሰው የለም ወይ?› ሲል ሰምቼዋለሁ። ጀልባዬን ልመልስ ብዬ ተውኩት። ብጠጋ ክምሩን ሊሰርቅ ሄደ ትላላችሁ። ስም ይወጣል ከቤት ይከተላል ጎረቤት።»

«ማን ነው እንዲህ የሚልህ?» አለ ሸሪፉ፣ ራሱ ጠዋት ያለውን ረስቶ።

ሬይፎርድ ዓይኑን ወደ ማንም አላነሣም፤ ቬርናን ሊያሳፍራት አልፈለገም።

«እኔ ነኝ» አለች ቬርና። «አምና እዚሁ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ሌባ ያልኩት እኔ ነኝ። ተሰረቀ የተባለው ክምር ድረስ ሄጄ አላየሁም፤ አላጣራሁም። ማስረጃዬ የዲያቆን ቃል ብቻ ነበር።»