የሃብተሚካኤል ሁለት ሰርባቶዮዎች

ላንድሮቨሩ ከአስመራው ዓባ ሻውል ሰፈር ጠባብ መንገድ ወጥቶ የምጽዋን ቁልቁለት ሲይዝ ጎህ ገና መቅደዱ ነበር። ጊዜው ሐምሌ 1958 ዓ.ም. ነው። መሪውን የጨበጠው ኣስመላሽ ሃያ ዓመት ሙሉ በቆላው መንገድ የነዳ፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ከጎኑ የተቀመጠው ሃብተሚካኤል ግን በያጅ እንጂ የመንገድ ሰው አልነበረም። ከአስመራ ርቆ ቢሄድ እስከ ምጽዋ ነው፤ እሱም በግድ።

ዛሬ ከቤቱ ያስወጣው ታናሽ ወንድሙ ተኽለ ነው። ተኽለ የጨው ቦታ የሚያስጠና የአንድ ድርጅት ሾፌር ነበር። ዮሃንስ የሚባል ቀያሽ ይዞ ከገልዓሎ ወዲያ ወዳለው የደንከል በረሃ ከወረደ ስድስተኛ ቀኑ ነው። የሄዱት ለሦስት ቀን፣ የያዙት ውሃም ለሦስት ቀን። በሐምሌ፣ በዚያ ምድር፣ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ኣስመላሽም ሃብተሚካኤልም ያውቃሉ። አፉን ሞልቶ የተናገረ ግን አልነበረም።

ድርጅቱ ያሉት መኪናዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ የተኽለ፣ ሁለተኛው ይህ ላንድሮቨር። ከፋብሪካ ይዘውት የመጡት የነዳጅ ማጠራቀሚያ ለበረሃው ደርሶ መልስ ስለማይበቃ፣ ሃብተሚካኤል ከበርሜል ቆርቆሮ ተጨማሪ ማጠራቀሚያ፣ አስመራዎች ሰርባቶዮ የሚሉትን፣ ሠርቶ በሁለቱም ሆድ ሥር ገጥሞላቸዋል። በሰፈሩ በያጆች ዘንድ አንድ ልማድ አለ። ሰርባቶዮ የበየደ ሰው በመጀመሪያው ጉዞ ራሱ ይሳፈራል። ሥራህን ካመንክ ተቀመጥበት ነው ነገሩ። ሃብተሚካኤልም በሁለቱም ላይ ተራ በተራ ተቀምጦ፣ በደረቅ አስፋልት ምጽዋ ደርሶ ተመልሷል። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

ያልተናገረው ነገር ግን ነበረው። የበርሜሉ ቆርቆሮ የሳሳ ስለነበር የሁለቱም ሰርባቶዮ የኋላ ቀኝ ጥግ በብየዳው እሳት በመርፌ ቀዳዳ ያህል ተበስቷል። ይህን ያየው ለመጀመሪያው ጉዞ ቤንዚን ከሞላባቸው በኋላ ነው። ቤንዚን የነካውን ብረት መልሶ ለመበየድ መገልበጥ፣ በፈላ ውሃ ደጋግሞ ማጠብና ማናፈስ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ፈንድቶ በያጁንም ግቢውንም ይዞ ይነሳል። ድርጅቱ ደግሞ ቸኩሎ ነበር። ሃብተሚካኤል ቀዳዳዎቹን በልብስ ሳሙና ደፈናቸው። ሳሙና በቤንዚን አይሟሟም፤ ሾፌሮችም መንገድ ላይ ሲቸግራቸው የሚያደርጉት ነው። ከበረሃ ሲመለሱ እበይደዋለሁ ብሎ ለራሱ ማለና ዝም አለ። አወይ ዝምታ!

ከምጽዋ ወደ ደቡብ ወርደው ፎሮ ሲደርሱ የሓዳስ ወንዝ ሞልቶ ያጓራል። ሜዳው ክው ብሎ ደርቋል፤ ሰማዩም ጥርት ያለ ነው። ደጋ ላይ የጣለው ዝናብ ግን ቀይ ጎርፍ ሆኖ፣ ግንድና የሞተ ፍየል እያንከባለለ ይወርዳል።

«እስኪጎድል ብንጠብቅስ?» አለ ሃብተሚካኤል።

«ኣይፋልን፣ አይሆንም። ስድስት ቀን እኮ ሆነው፣ ሓወይ፣ ወንድሜ። ሬሳ ልናመጣ ነው እንዴ የምንሄደው?»

ኣስመላሽ መኪናውን ወንዙ ውስጥ ከተተው። መሃል ሲደርሱ ውሃው በበሩ ገባ፤ የኋላ ጎማው አሸዋው ውስጥ ሰመጠ፤ ሞተሩ ያስለው ጀመር። ሃብተሚካኤል ዘሎ ወረደ። ውሃው ደረቱ ላይ ነው። ድንጋይ ከሥር እያወጣ ጎማው ሥር ወተፈ፣ በትከሻው ገፋ፣ ተንሸራቶ ወደቀ፣ ተነስቶ ደግሞ ገፋ። ግንድ መጥቶ ጎኑን ሲለው ትንፋሹ ቀጥ አለ። መኪናው ተንገዳግዶ ማዶ ሲወጣ እሱም የኋላ መከላከያውን ጨብጦ እየተጎተተ አብሮ ወጣ።

አንድ ሰዓት እንደ ተጓዙ ቤንዚን ሸተታቸው።

ሃብተሚካኤል ከኣስመላሽ ቀድሞ ወርዶ መኪናው ሥር ተንፏቀቀ። የኋላ ቀኝ ጥግ። ጎርፉ ሳሙናውን ጠራርጎ ወስዶታል፤ የወንዙ ድንጋይ ደግሞ ቀዳዳውን አስፍቶታል። ከኪሱ ሳሙና አውጥቶ ለጠፈ፤ ብረቱ እርጥብ ነውና አልያዘለትም። የቻሉትን ያህል በድስት እየተቀበሉ ወደ መኪናው የራሱ ማጠራቀሚያና ወደ አንዲት ጀሪካን ገለበጡ። ግማሹን አሸዋው ጠጣው።

ኣስመላሽ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

«ሳሙናውን ከየት አመጣኸው?»

«ከኪሴ።»

«በያጅ ምን ሊያደርግለት ነው ሳሙና በኪሱ ይዞ የሚዞር?»

ሃብተሚካኤል ነገረው። ኣስመላሽ ጎንበስ ብሎ ቀዳዳውን አየ። ቢሰድበው በቀለለው።

«የተኽለስ?» አለ።

«የተኽለም።»

«ተኽለም ይሄንኑ ወንዝ ነው የተሻገረው።»

ሃብተሚካኤል እዚያው አሸዋ ላይ ቁጭ አለ። እስከዚያች ደቂቃ ወንድሙን ያስቀረው ሌላ ነገር ይመስለው ነበር፤ ሞተር፣ ጎማ፣ ሽፍታ። አሁን ያስቀረው ማን እንደሆነ አወቀ።

ገልዓሎን ካለፉ በኋላ ጠመንጃ ያነገቱ ሦስት ሰዎች ከግራር ሥር ወጥተው መንገዱን ዘጉ። አንዱ መኪናውን ዞሮ አየና በተሰባበረ ትግርኛ ቤንዚን ጠየቀ። ኣስመላሽ የለንም ቢል የጠመንጃው አፍ ወደ ደረቱ ዞረ። ጀሪካኗን ወሰዱ።

«ሌላ መኪና አይታችኋል?» አለ ሃብተሚካኤል።

«እወ። ወደፊት ካለው ጥቁር ኮረብታ ማዶ። አንዱ ሰው ይንቀሳቀሳል።»

«አንዱ?»

ሰውዬው ጀሪካኗን ትከሻው ላይ አድርጎ ሄደ።

ሊመሽ ሲል ጥቁሩ ኮረብታ ከሩቅ ታየ፤ ኣስመላሽ ሞተሩን አጠፋ። «ከዚህ ካለፍኩ መመለሻ ነዳጅ የለንም፤ ሁላችንም እዚሁ እንቀራለን። ሲነጋ በእግርህ ሂድ። እኔ መኪናውን እጠብቃለሁ።» ሃብተሚካኤልም ሊነጋጋ ሲል የውሃ ጀሪካን በገመድ ጀርባው ላይ አስሮ፣ የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ ተነሳ። መንገዱ እንደ ምላጭ የሰላ ጥቁር ድንጋይ ነው። ጫማው ተቀደደ፤ እግሩ ደማ። ፀሐይዋ ከወጣች ወዲያ አየሩ ራሱ ይለበልባል። ውሃው ጀርባው ላይ እየተንቦጫረቀ ጉሮሮው ደረቀ፤ አንድ ጉንጭ ግን አልቀመሰም። ይህ ውሃ ለእኔ አይገባም ብሎ ነበር።

ኮረብታውን ሲዞር መኪናዋን አየ። ሦስት ጅቦች ይዞሯታል፤ ፀሐይ እንኳ አላባረረቻቸውም። እየጮኸ ሮጠ። ሁለቱ ሸሹ። ትልቁ ግን ጥርሱን አግጥጦ ሲመጣበት በብረቱ አፍንጫውን አለው። ጅቡ እየጮኸ ሄደ፤ ብዙም ሳይርቅ ተቀምጦ ያየው ጀመር።

ተኽለ መኪናዋ ሥር፣ ጥላው ውስጥ ተጋድሟል። ከጎኑ በሸራ የተጠቀለለ ነገር አለ። ዮሃንስ ነበር። ተኽለ ሁለት ቀን ሙሉ በመዶሻ ከጅብ ሲጠብቀው ነው የሰነበተው፤ ጣቶቹ ከመዶሻው እጀታ አልላቀቅ ብለዋል። ሃብተሚካኤል ሸሚዙን ቀዶ በውሃ እያራሰ ከንፈሩ ላይ ጨመቀለት። ብዙ ቆይቶ ድምፁ መጣ።

«የነዳጅ መለኪያው መርፌ ሲወርድ ዮሃንስ አይቶት ነበር» አለ ተኽለ። «ወደ ፎሮ እንመለስ አለኝ። ያኔ ይበቃን ነበር፣ ሓወይ። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። መርፌው ነው የሚዋሸው፣ ሰርባቶዮው የወንድሜ ሥራ ነው፣ ተቀምጦበታል አልኩት።»

ሃብተሚካኤል ቀና ብሎ የኋላውን ቀኝ ጥግ አየ። ቀዳዳዋ ታጥባ ነጽታለች፤ የሳሙናው ምልክት እንኳ አልቀረም። ዝም ቢል ከኣስመላሽ በቀር የሚያውቅበት አልነበረም።

«ሳሙና ነበር፣ ተኽለ። በሳሙና ነው የደፈንኩት።»

ተኽለ ዓይኑን ጨፈነ። ሃብተሚካኤል ዮሃንስን ጥቁር ድንጋይ ከምሮ ቀበረው፤ ፀሐይ ስትበርድም ተኽለን አዝሎ ያን መንገድ ወደ ኣስመላሽ ተመለሰ። ቤንዚኑ ፎሮ ሲታይ አለቀ፤ ጎድሎ የጠበቃቸውን ወንዝ በግመል ተሻገሩ።

አስመራ ሲገቡ ኣስመላሽ የሃብተሚካኤልን ክንድ ያዘ። «ለዮሃንስ ሚስት ፀሐይ ገደለችው በላት። ሐምሌ ነው፣ ሰው ያምናል።»

ሃብተሚካኤል ቤቱ አልገባም። እግሩን በጨርቅ እንደ ጠቀለለ ሓዝሓዝ ሰፈር ወጥቶ የዮሃንስን በር አንኳኳ። የከፈተችለት ሚስቱ ትርሓስ ናት። ወሬው ቀድሞታል፤ ጥቁር ለብሳለች።

«ፀሐይ ነው አሉኝ» አለችው።

«ኣይፋልን። እኔ ነኝ።» የቀዳዳውን፣ የሳሙናውን፣ የወንዙን ነገር ቆሞ ሳይቀንስ ነገራት።

ትርሓስ አላለቀሰችም። በሩን አልለቀቀችም።

«በደንብ መልሰህ ለመበየድ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅብህ ነበር?» አለችው።

«አንድ ቀን» አለ ሃብተሚካኤል።

«አንድ ቀን» አለች እሷም፣ በሩንም ቀስ አድርጋ ዘጋችው።