እስክትፈተን

«ፈጠራ ነው» የምትሉ ካላችሁ እዚሁ አቁሙ። ይሄ እኔ ላይ ነው የደረሰው። ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀመረ።

ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና እያጠናሁ ነበር። ድንገት ልቤ ይደልቅ ጀመር... እጄ ደነዘዘ... አየር አጠረኝ።

ለጠላት አይስጠው! ሞትኩ ብዬ ነበር።

ስልኬ ጠራ። ጅማ የሚሠራው ወንድሜ ዮኤል ነው። እሱንም በኔ ዕድሜ እንዲህ ያደርገው ነበር።

«ርሆ... ቀስ ብለሽ ተንፍሺ። እኔንስ አልፎኝ የለ?»

አለፈልኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቤታችን ሌላ ሆነ። ቴሌቪዥን አይከፈትም። የዮኤል ፎቶ ከግድግዳ ወረደ። ጎረቤታችን እትዬ ትርንጎ ደረጃ ላይ ሲያገኙኝ አቅፈው ይስሙኝና አይለቁኝም። እኔ ስገባ ወሬ ይቋረጣል።

«ምንድነው የምትደብቁኝ?»

«ምን እንደብቅሻለን? ጥናትሽን አጥኚ!» አለች እማዬ። ዓይኗ አብጧል። ሽንኩርት ነው አለችኝ። ሽንኩርት ግን አልሸተተኝም።

በየቀኑ ያፍነኛል... በየቀኑ ዮኤል ይደውላል።

እማዬ ቤቴል ሰፈር አንድ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሟ መረመረችኝና «ልብሽ ጤነኛ ነው፤ ፓኒክ አታክ ነው፣ ድንገት የሚነሳ የፍርሃት ሕመም» አለች። ከዚያ ወደ እማዬ ዞረች።

«የፈተና ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ያባብሱታል። ከቤተሰብ እንዲህ የሚያደርገው ሰው አለ?»

«የለም።»

ዮኤልስ?

«በቅርብ የሞተባችሁስ?»

«ኧረ ጌታ ይመስገን! ሁላችንም ደህና ነን።»

ይህን ብላ እጄን ይዛ ወደ በሩ ጎተተችኝ።

ተፈተንኩ። ከካምፓስ በተመለስኩ ማግስት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በሩ ተንኳኳ። ጎረቤቱ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ።

መርዶ በማለዳ እንደሆነ ታውቃላችሁ።

«ርሆዬ...» አለች እማዬ። «ዮኤል... መኪና ተገልብጦበት... ያኔ፣ አንቺን መጀመሪያ ያመመሽ ቀን። እስክትፈተኚ ብለን ነው...»

አላለቀስኩም። አንጀቴ ነው ያረረው። ሰፈሩ በሙሉ ቀብሮት ተመልሷል! እኔ ብቻ እንደ ባዳ ፊዚክስ ስሸመድድ!

«ትናንት ደውሎልኛል» አልኩ።

ሁሉም እርስ በርስ ተያዩ። እማዬ ከጉያዋ የዮኤልን ስልክ አወጣች። ተሰባብሯል። ከሞተ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም።

የኔ ስልክ ጠራ።

ዮኤል ይላል። ሁሉም አዩት።

አነሳሁት... ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰማኝ። እየታፈነ ነው፣ ልክ እንደኔ።

«ርሆ... እማዬ ስልኬን አታነሳም። ማንም አያናግረኝም... ምንድነው የምትደብቁኝ?»

አፌን ስከፍት እማዬ እጄን ጨምቃ ያዘችው። በሹክሹክታ፣

«እንዳትነግሪው... ልጄ ይደነግጥብኛል።»