ሮዝ ያልሆነው ውኃ

ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ነበር፤ አባቷ ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ። ልጅቷ ጓሮ፣ በርሜሉ አጠገብ ቁጢጥ ብላ የጣቷን ያህል የምትሆን ብልቃጥ ወደ ብርሃን አንስታ ታያለች። ውስጡ ያለው ውኃ ሮዝ መሆን ነበረበት። አልሆነም።

አባቷ ውኃ መርማሪ ነበር። ጥያቄ ስለምታበዛ «ለምን» የሚል ቅጽል ስም ያወጣላትም እሱ ነው። ቧንቧው ከጠፋ ወዲህ ቦቴ የሚያመጣውን ውኃ የሚያክመው እሱ ነበር፤ ለአንድ ጀሪካን አንድ ክዳን ክሎሪን፣ ከዚያ ግማሽ ሰዓት ጥበቃ፣ ከዚያ ክሎሪን ካለ ውኃውን ሮዝ የምታደርገው የመመርመሪያ እንክብል። ዛሬ እሷ በርሜሉ ለያዘው አሥር ጀሪካን ውኃ አሥር ክዳን ቆጥራ ጨምራለች፤ ሰዓቱንም ጠብቃለች። ታዲያ ክሎሪኑ የት ገባ?

አክስቷ ጆግ ይዛ መጣች። ሳሎኑ በለቀስተኛ ተሞልቷል። በርሜሉን ጎንበስ ብላ አሸተተችና ፊቷ ፈታ አለ። አባትሽ ያከመው እኮ የዋና ገንዳ ነበር የሚሸተው፣ ያንቺ ምንም አይሸትም አለቻት።

ልጅቷ ብልቃጡን እንደገና አየችው። አንድ ጊዜ አባቷ ሁለት ብርጭቆ ውኃ አቅርቦ፣ አንዱ ላይ ቁንጥር ጭቃ በጥብጦ፣ ለሁለቱም እኩል ክሎሪን ጠብ አድርጎ ነበር። ሲመረመሩ ንጹሑ ሮዝ ሆነ፤ ድፍርሱ እንዳለ ቀረ። የት ሄደ ብላ ጠየቀችው።

«ሲሠራ አለቀ» አላት። «አንቺን የሚጠብቅሽ ከሥራ የተረፈው ነው።»

አሁን ልጅቷ ከበርሜሉ በኩባያ ቀድታ ቀስ ብላ ደፋችው። ከሥሩ ስስ ቡናማ ደለል ቀረ።

«አክስቴ፣ ገና ነው።»

«ሰው ጉሮሮው ደርቋል እኮ፣ የኔ ልጅ። ምን ልበላቸው?»

«ግማሽ ሰዓት ጠብቁ በያቸው።» ኩባያውን አለቀለቀች። «የአባዬ ሕግ ነው በያቸው።»

አክስቷ ባዶውን ጆግ እንደያዘች ወደ ሳሎኑ ተመለሰች።

ልጅቷ ንጹሕ ጨርቅ አራት እጥፍ አጥፋ ለእንግዶቹ የሚበቃ ሁለት ጀሪካን አጠለለች፤ አንድ አንድ ክዳን ክሎሪን ጨምራም ሰዓቷን አየች።

አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ብልቃጡ ሮዝ ሆነ። ከለቀስተኞቹ አንዱ ሽማግሌ ውኃው ይሸታል ብለው ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ግን ጨርሰው ጠጡ። ቧንቧው የመጣው ከአሥራ ሰባት ቀን በኋላ ነው፤ እስከዚያ ውኃውን የምታክመው እሷ ነበረች።