የፈዋሿ ዋንጫ

አናጢው የሞተው ራሱ በሠራው ጠረጴዛ ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነው። ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ለጨዋታ የሚጣሉት ዳይሶች፣ ከእንጨት የጠረባቸው ትናንሽ ጦረኞችና ባዶው የመዳብ ዋንጫ ከእጁ አጠገብ ነበሩ። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ እሷም ቅጽል ስሟን አልጠላችውም።

የሐኪሙ ውጤት ግልጽ ነበር። በዋንጫው በነበረው የሎሚ ጭማቂ ውስጥ የልብ መድኃኒት ተጨምሮበታል። ነገር ግን ከዚያው ዋንጫ ሌሎችም ጠጥተው የሞተው አናጢው ብቻ ነው። ያጠጣችው ደግሞ ታናሽ እህቱ ናት፣ ነርስ።

«ምን ቀረሽ? እሰሪያት እንጂ!» አላት አለቃዋ። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ምን ያደርጋል?»

የመርፌ ልብ ግን እሺ አላላትም። የልጅቷን ዕድሜ በችኮላ መቅጠፍ አስፈራት። በቅድሚያ አብሯቸው ይጫወት የነበረውን ታክሲ ነጂ ጠየቀችው።

«ጨዋታው ምንድን ነው?»

«ተረት ነው፣ እኛው ገብተን የምንኖርበት። እኔ ሌባ ነኝ… በጨዋታው ማለቴ ነው፣ ደሞ እንዳይጽፉብኝ! ሟች ጦረኛ፣ እህቱ ፈዋሽ። መምህሩ ዳኛችን ነው፤ ተረቱን ይተርካል፣ ጠላቶቻችንን ወክሎ ይዋጋል። ለሕግ ሲሆን እናቱንም አይምር!»

«ዋንጫውስ?»

«በተረቱ የቆሰለ ሰው ፈዋሿ ስታድነው የምር አንዴ ይጎነጫል። ልማዳችን ነው። እኔ ያን ቀን አንዴ ብጎነጭ ሲያቅለሸልሸኝ፣ መብራቱ ሁሉ ቢጫ ሆኖ ሲታየኝ አመሸ።»

እህትዬው አልቅሳ አልቅሳ ዓይኗ አብጧል።

«ፈውስ በአንድ ውጊያ አንዴ ብቻ ነው የሚፈቀደው» አለች። «ግን ቀዳዳ አለው። ከጠላት ጋር ዕርቅ ከወረደ ውጊያው አለቀ ይባላል፤ እንደገና ሲጀመር ፈውሱም ይመለሳል። ታረቅን፣ ተጣላን፣ ደግሞ ታረቅን። ወንድሜ በቆሰለ ቁጥር አጠጣሁት።»

«ቀዳዳውን ማን አገኘው?»

«እኔ። ስንት ጊዜ ጠይቄ ተከልክያለሁ። ያን ቀን ግን ተፈቀደልኝ።»

«ወንድምሽን የተቀየመ ሰው ነበር?»

አመነታች። «መምህሩ ፈተና አስቀድሞ ለተማሪዎች ማውጣቱን ወንድሜ ደርሶበት፣ ‹ወይ ራስህ ተናገር፣ ወይ እናገራለሁ› ብሎት ነበር። ግን እኮ የልጅነት ጓደኛሞች ናቸው።»

መምህሩ ቤት መርፌን የተቀበሏት አሮጊት እናቱ ናቸው። «የመድኃኒት ቤት ሰው ነሽ፣ ልጄ?» አሏት። «የልብ ጠብታዬ ሰሞኑን ድንገት አለቀብኝ።» ልጃቸው ፈጠን ብሎ ወደ ክፍላቸው መለሳቸው።

ከሰዓት በኋላ መርፌ ሦስቱንም በዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበች። ዋንጫውን ውኃ ሞልታ በሟች ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ያቋረጣችሁትን ውጊያ ቀጥሉ» አለች። «እኔ ቆስያለሁ፤ አንዴም ታክሜያለሁ። ፈዋሿ፣ አድኚኝ።»

እህትዬው ዋንጫውን አንስታ «ዕርቅ ወርዷል፤ እንደገና እፈውሳለሁ» አለች።

«አይሆንም!» አለ መምህሩ፣ እንደ ልማዱ። «ጠላት ዕርቁን ካልተቀበለ ውጊያው አላለቀም!»

ታክሲ ነጂው ቀና አለ። መምህሩ አፉን ያዘ፤ ቃሉ ግን አምልጦታል።

«ጠላትን ወክሎ የሚቀበለው ማነው?» አለች መርፌ በዝግታ። «እርስዎ ነዎት። ሁሌ የሚከለክሉትን ቀዳዳ ያን ቀን ከፈቱት። ዕርቁን ተቀበሉ፤ ወዲያው አፍርሰው ጦረኛውን ብቻ አቆሰሉት። አንዴ ሲጎነጩት የሚያቅለሸልሸውን መርዝ ደጋግሞ እንዲጠጣው አደረጉ። ዳኛ ደግሞ አይቆስልም፣ አይጠጣም። የእናትዎን ጠብታ ጭማቂው ውስጥ የጨመሩት፣ ጓደኛዎ ምስጢርዎን ሳያወጣ አፉን ለመዝጋት ነው።»

መምህሩ ዳይሶቹን ገፋ አደረጋቸው። «የዕድሜ ልክ ስሜን በአንድ ቃል ሊያጠፋው ነበር» አለ። ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።

ታክሲ ነጂው ግድግዳውን ተደግፎ አለቀሰ። መርፌ ወደ ነርሷ ዞራ ትከሻዋን ያዘቻት።

«አንቺ ነፃ ነሽ፣ ልጄ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

ልጅቷ ዋንጫውን በሁለት እጇ እንደያዘች ነበር።

«ወንድሜ በቃኝ ብሎኝ ነበር» አለች። «ካልጠጣህ ትሞታለህ አልኩት።»