ነፋሱ ከኋላ ነው

የሚጡ ፀጉር ከኋላዋ ተነሥቶ ፊቷን መታና ጫፉ አፏ ውስጥ ገባ። ተፋችው። ተመልሶ ገባ። በአንድ እጇ የወንበሩን ጠርዝ፣ በሌላው ፀጉሯን ይዛ ወደ አባቷ ዞረች። አባቷ መሪውን እንደጨበጠ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ የሚለው ግን አይሰማም።

«ምን አልክ አባዬ?»

«ነፋሱ ተሻለ ወይ ነው የምልሽ።»

እሷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ከኋላ ወንበር የእናቷ ወንድም ጮኸ። «በጣም እንጂ። ፕላስቲኩ ትንሽ ከፍ ቢል ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል።»

አጎቷን ሰፈሩ «ኢንጂነር» ይለዋል። ትምህርቱ አሥረኛ ክፍል ላይ ቢቆምም እሱ ጋራዥ ገብቶ ሳይነሣ የቀረ ሞተር የለም። ትናንት ከፊት መስታወቱ በላይ አንድ ክንድ የሚሆን ግልጽ ፕላስቲክ በቡሎን ሲያስር ነው የዋለው።

መኪናዋ ጣራ የላትም። በጣራው ፋንታ የቀሩት ሁለት የብረት ቅስቶች ብቻ ናቸው፤ አንዱ ከፊት ወንበሮች ጀርባ፣ ሌላው ከኋላው ወንበር ጀርባ። ድንጋያማውን ወንዝ የምትሻገር ፎር ዊል ስለሆነች አንዲት የዓይን ሐኪም ተከራይተዋት በየማክሰኞውና በየቅዳሜው በእሷ ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ። ዝግ መኪና ያቅለሸልሻቸዋል፤ ክፍቷን የመረጧትም ለዚህ ነበር። ባለፈው ማክሰኞ ግን ከመኪናው ሲወርዱ አንገታቸውን እያሹ ለአባቷ እንዲህ አሉት።

«ጎበዝ ሾፌር ነህ፣ ምንም አይወጣልህም። ግን አቧራውና ነፋሱ ዓይኔን ይገድለዋል። የዓይን ሐኪም ሆኜ በሽተኞቼ ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ እንባ አፈሳለሁ። ዛሬ አንዱ ‹ዶክተር፣ ማን ሞተብዎት?› አለኝ። ቅዳሜም እንዲህ ከሆነ ሌላ መኪና እጠይቃለሁ። ማቅለሽለሹን እችለዋለሁ።»

ዛሬ ሐሙስ ነው። ዶክተሯ ከሄዱ ያቺን አሮጌ መኪና የሚፈልጋት ሌላ ሰው የለም። አባቷም ይህን ስለሚያውቅ ከማክሰኞ ወዲህ እራት ላይ ቀልድ አላወራም።

ሚጡ ስትወርድ ጆሮዋ ይጮኻል። ነፋሱ እንዲያውም ብሶ ነበር። ሆኖም አጎቷ በእጅ ሥራው ዙሪያ እየዞረ በአውራ ጣቱ ሲያሻሸው አየችና አፏን ዘጋች።

ቤት ስትገባ እናቷ ከስፌት መኪናዋ ጎን ቆማ የአባቷን ጃኬት ታራግፋለች። የሚጡ እናት መጥፎውን ቀድማ የምታይ ሴት ናት። ባሏ ሩብ ሰዓት ከዘገየ ወንዝ ወስዶታል፤ ስልኩን ካላነሣ ገደል ውስጥ ነው።

«ይኸው እይልኝ» አለች ኮሌታውን ዘርግታ። «ደረቱ ንጹሕ፣ ማጅራቱ አፈር። ነገ ደግሞ ሳንባው ይሄን መስሎ በራጅ ሊያሳዩኝ ነው።»

ሚጡ ጃኬቱን ተቀበለቻት። ደረቱ ንጹሕ። ማጅራቱ አፈር። ፊቱን ለነፋስ ሰጥቶ የሚነዳ ሰው እንዴት ጀርባው ብቻ ይቆሽሻል?

ከእናቷ ቁርጥራጭ ጨርቅ ውስጥ ቀዩን መርጣ እንደ ጣት የቀጠነ ሃያ ክር ቀደደች። ዓርብ ጠዋት ወጥታ መኪናው ላይ አሰረቻቸው፦ በፊት መስታወቱ ጫፍ፣ በወንበሮቹ መደገፊያ፣ በሁለቱ ቅስቶች።

«ልደት አለ እንዴ?» አለ አጎቷ ሲመጣ። መፍቻ ይዟል፤ ፕላስቲኩን ሊጨምርበት ነው።

ሚጡ መፍቻውን አየች። ይህ ሰው ብስክሌት ያስነዳት፣ የመጀመሪያውን ጎማ ያስፈታት ነው። ‹ሠርተህ ያቆምከው ልክ አይደለም› ማለት ለማንም ይከብዳል፤ ለእሱ ደግሞ የባሰ። ግን አባቷ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ፈዞ ይመለከታል፤ ቅዳሜ ነገ ነው።

«ጋሼ፣ ነፋሱ ከፊት አይደለም የሚመጣው» አለች። «ከኋላችን ነው።»

አጎቷ ሣቀ። «መኪናዋ ወደ ፊት እየሄደች? ከኋላ ማን ልኮት ይመጣል?»

«አንተ ዛሬ ከፊት ተቀመጥና ዞረህ ጨርቆቹን እያቸው። ውሸት ከሆነ ጋራዡን አንድ ሳምንት እጠርጋለሁ።»

«አንድ ወር» አለ አጎቷ፣ ወጥቶ ተቀመጠ።

አስፋልቱ ላይ አባቷ ፍጥነት ጨመረ። በመስታወቱ ጫፍ ያሉት ክሮች ቀጥ ብለው ወደ ኋላ ተዘረጉ። አጎቷ ከኋላ ለተቀመጠችው ሚጡ «አየሽ?» የሚል ፊት አሳያት። ከዚያ ከትከሻው በላይ ዞሮ አየ። ከወንበሮቹ ጀርባ ያሉት ክሮች በሙሉ ተገልብጠው ወደ ፊት፣ ወደ እሱ ፊት ይገረፋሉ። አንዱ አፍንጫውን መታው።

መኪናው ሲቆም አጎቷ ያን ክር በጣቱ ይዞ ገለባበጠው።

«ወንዙ ላይ አላየኸውም?» አለች ሚጡ በለሰለሰ ድምፅ። «ውሃው ትልቁን ድንጋይ ዘልሎ ያልፍና ከጀርባው ባዶ ቦታ ሲያገኝ ተጠምዝዞ ይመለሳል። ነፋሱም ከጭንቅላታችን በላይ አልፎ ነው የሚዞርብን። አቧራውንም ጎትቶ ያመጣል። የአባዬ ጃኬት የሚቆሽሸው በማጅራቱ ነው። ፕላስቲኩን ከፍ ስናደርገው ደግሞ ባዶው ቦታ ይሰፋል።»

አጎቷ አባቷን አየው፤ አባቷ ጨርቆቹን። ከዚያ አጎቷ ወርዶ የራሱን ቡሎን መፍታት ጀመረ። «ቀኑን ሙሉ የለፋሁበትን» እያለ ያጉረመርማል፤ «ይቺ ልጅ ስትወለድ ሆስፒታሉ ድረስ የሄድኩት ለዚህ ነው?»

ተመልሶ የሚመጣውን ነፋስ እንዲያግድ ከፊት ወንበሮች ጀርባ ባለው ቅስት ላይ ሸራ ለመወጠር ተስማሙ። እናቷ ሰምታ መቀሷን አስቀመጠች።

«ሸራ? ከኋላው የጭነት መኪና ቢመጣ በምን ሊያየው ነው? ነፋስ ሞልቶት እንደ ጃንጥላ ቢገለበጥስ?»

ሌላ ጊዜ ሚጡ እንዲህ ያለው ወሬ ሲጀመር ሹልክ ብላ ትወጣለች። ዛሬ ግን ደብተር አውጥታ ተቀመጠች። «ሌላስ እማዬ?»

«ታሾፊብኛለሽ?»

«አላሾፍም። ምን ምን ሊበላሽ ይችላል? ሁሉንም ንገሪኝ።»

እናቷ መጀመሪያ ተጠራጠረች። ቀጥላ ግን ለዓመታት አድማጭ አጥቶ የኖረው ሁሉ ወጣ። ማሰሪያው ቢበጠስ፣ ተበጥሶም ተከትሎት የሚመጣውን ባለ ሞተር ሳይክል ቢመታ። የብረቱ ዘለበት ተወርውሮ ዓይን ቢያጠፋ። ጠርዙ ተተርትሮ ጎማ ላይ ቢጠመጠም። መኪናው ቢንሸራተት የኋላው ሰው እንዴት ይወጣል? ሚጡ እየቆጠረች ጻፈች። አሥራ አራት ሆነ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ስጋቶች ራሷ እናቷ ፈታቻቸው። የችግኝ ጥላ የሚሠራበት ጥቁር መረብ ነበራት፤ ያሳያል፣ ነፋሱንም ሰብሮ ጥቂቱን ያሳልፋል እንጂ እንደ ሸራ አይነፋም። ጠርዙን ሦስት ጊዜ አጥፋ በወፍራም ጥብጣብ ሰፋችው። አጎቷ ቅስቱ ላይ መንጠቆ በየደ፤ ለሙከራ ብሎ ከኋላው ቅስትም ላይ ጨመረ። እያንዳንዱ ማሰሪያ መጠባበቂያ ተደረገለት። ዘለበቶቹ በጨርቅ ተጠቀለሉ፤ ሲጎትቱት መረቡን የሚፈታ አንድ ቀይ ገመድም ገባ። ከሰዓት በኋላ ሚጡ ዝርዝሩን ስታነብ አሥራ አራቱም ተሰርዘው ነበር።

«አሥራ አምስተኛውን ረሳሽ» አለች እናቷ። «ዶክተሯ ባይወዱትስ?»

ለዚህ ማሰሪያ አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ዶክተሯ ከፊት ተቀመጡና መረቡን በጣታቸው ነካ አደረጉት። ሚጡ ማሰሪያዎቹን ልትጠብቅ ከኋላ ወጣች፤ ቀበቶዋን አጠበቀች፣ ፊቷንም እስከ ዓይኗ በሻርፕ ሸፈነች። ከመረቡ ጀርባ ነፋሱ እንደ ወትሮው ነው። ከአስፋልቱ ሲወጡ አቧራው ተነሥቶ መጣና ዋጣት።

እሷ ግን ዓይኗን ከፊት ወንበሩ አልነቀለችም። የዶክተሯ የአንገት ልብስ በትከሻቸው ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ ጫፉ ብቻ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። አባቷ አንድ ነገር ተናገረ። ሳይጮኽ። ዶክተሯም ሳይጮኹ መለሱለት። ቆይተው ቦርሳቸውን ከፈቱና ወረቀቶች አወጡ። ዶክተሯ አንዱን ገጽ አነበቡ፣ ገለበጡ፣ ሁለተኛውን ቀጠሉ። አንድም ወረቀት አልበረረም። አባቷ የሆነ ቀልድ ሲያወራ ትከሻው ከሣቅ የተነሣ ሲርገበገብ በመረቡ በኩል አየችው፤ በአቧራው መሐል ጮክ ብላ ሣቀች፤ ማንም አልሰማትም።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ዶክተሯ ወረዱ። ዓይናቸው ደረቅና ጥርት ያለ ነው። ዞረው ሚጡን አዩ፤ ከቅንድቧ እስከ ጫማዋ አፈር ለብሳለች።

«አንቺን ደግሞ ከየት ነው የጫነሽ? ከወፍጮ ቤት?»

«ልጄ ናት ዶክተር» አለ አባቷ። አንገቱን ቀና አድርጎ ነበር። «ይህን መላ ያሰበችው እሷ ናት።»

ዶክተሯ መረቡን አሁን በደንብ መረመሩት፤ ቀዩን ገመድ፣ የተጠቀለሉትን ዘለበቶች። «አባትሽ ማክሰኞም ይመጣል» አሉ ለሚጡ። «ከዚያ በኋላም። ዓመቱን ሙሉ እንደሚመጣ ዛሬውኑ አጽፋለሁ።» ከዚያ ቀጥ ብለው ወደ በሽተኞቻቸው ገቡ። አባቷ የሚጡን ራስ በመዳፉ ያዘና ከፀጉሯ የወጣውን አቧራ አይቶ ሣቀ።

ከሰዓት በኋላ ሥራው ሲያልቅ ዶክተሯ አንዲት አሮጊት ክንዳቸውን ደግፈው አወጡ። አሮጊቷ ግራ ዓይናቸው በነጭ ፋሻ ተሸፍኗል፤ ሰኞ ከተማ ውስጥ ቀዶ ሕክምና አላቸው። አባቷ ከኋላ ወንበር አስቀመጣቸውና ቀበቷቸውን አሰረላቸው።

ሚጡ ከጎናቸው ልትወጣ እግሯን አንሥታ ቆመች። ወንበሩ ላይ የተጋገረውን አቧራ አየች፤ ፋሻውን አየች።

እግሯን መልሳ አወረደች። ማንንም ሳትጠይቅ የመጀመሪያውን ማሰሪያ ፈታች፣ ቀጥላ ሁለተኛውን።

«ኧረ ለእኔስ?» አሉ ዶክተሯ ከፊት።

«እርስዎ ዛሬ ሌላ የሚያዩት በሽተኛ የለም ዶክተር» አለች ሚጡ። «ይሸፋፈኑ።»

አባቷ ደንግጦ ዶክተሯን አየ። ዶክተሯ ግን የአንገት ልብሳቸውን አንሥተው ራሳቸው ላይ መጠምጠም ጀምረው ነበር። ሚጡ መረቡን ተሸክማ ወደ ኋላው ቅስት ዞረች፤ ከአሮጊቷ ጀርባ ወጠረችውና መንጠቆዎቹን አንድ በአንድ አጠበቀች።