አረንጓዴው ክር

አቶ ዓምደ ሚካኤል መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ስበው መደባቸው ላይ ተጋድመው ነበር። ቄሱ አባ ይሥሐቅ ያገኟቸው በመሐል ሜዳ ገበያ ቀን፣ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ሲሆን መጀመሪያ የተኙ መስሏቸው ነበር። ሐኪሙ ግን የተዘጋውን መስኮት አይቶ «የከሰል ጭስ ነው የገደላቸው» አለ።

ከዚያ በኋላ ከተማው ራሱ ዳኛ ሆነ። ከሰሉን ያቀጣጠለችላቸው ጎረቤታቸው ጥሩሸዋ ናት፤ እንግዲያው ገዳይዋም እሷው። በማግስቱ ከደብተር ሱቋ እስክሪብቶ የሚገዛ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ሳጅን ጌታነሽ ተጠራች።

ጌታነሽ መንገዱ ረዘመባት። እዚያ ቤት ካልገባች ስምንት ዓመቷ ነው፤ ምክንያቱን ለአለቃዋም አልተናገረችም።

የሟቹ ቤት ግድግዳ እስከ ጣሪያው ድረስ የሰው ሕይወት ነበር፤ የጄኔራሎች ትዝታ፣ የአርበኞች ታሪክ፣ የእስረኞች ማስታወሻ። ሟቹ፣ አባ ይሥሐቅ፣ ጥሩሸዋና የጂኦግራፊ አስተማሪው ፈለቀ አንድ መጽሐፍ መርጠው ያነባሉ፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይከራከሩበታል። መጽሐፍ ግን ከቤት አይወጣም። አንባቢ በተመቸው ሰዓት ገብቶ፣ አንብቦ ይሄዳል። የት እንደደረሰም በክር ያመለክታል፤ አባ ይሥሐቅ ከብራና መጻሕፍት ያመጡት ልማድ ነው። ክሩን በመርፌ ከገጹ ጠርዝ ላይ ይሰፉታል፤ ሲያልፉ ነቅለው ወደ ፊት ይወስዱታል። የቄሱ ነጭ ከገጹ ራስ፣ የጥሩሸዋ ቀይ ከመሐል፣ የፈለቀ አረንጓዴ ከግርጌ።

ከወራት ወዲህ የያዙት መጽሐፍ የአንድ የመንዝ አርበኛ ትዝታ ነበር። ከተማው ውስጥ ያለው ቅጂ ይኸው ብቻ ነው። ጌታነሽ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ከገጽ 112 ቀጥሎ 115 መጣ። አንድ ቅጠል ተቀዷል።

ጥሩሸዋን አስቀድማ ጠየቀች።

«እትዬ ጥሩሸዋ፣ ከሰሉን ስታስገቢ መስኮቱ እንዴት ነበር?»

«ክፍት ነዋ። እንዳይዘጋ ሽብልቁ ተወትፎበት። አርባ ዓመት ከሰል የሞቀ ሰው መስኮት ዘግቶ ይተኛል?»

«ሌላ ምን አየሽ?»

«ምንም። ዐርብ ዕለት ግን ፈለቀን ‹እሑድ ያያትህን ገጽ እናነባለን፤ ደስ ይልሃል› ሲሉት ሰምቻለሁ። ፊቱ ልክ አልነበረም።»

«አንቺስ መጽሐፉን የት አደረስሽው?»

«ጨርሼዋለሁ» አለች ጥሩሸዋ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። ቀዩ ክር ገጽ ሃያ ላይ ነበር። ጌታነሽ አይታ እንዳላየች ሆነች።

አባ ይሥሐቅ ሳይጠየቁ «ከጨረስኩት ሦስት ወር ሆኖኛል፤ ሁለት ጊዜ እንቅልፍ ወስዶኛል እንጂ» አሉ። ፈለቀ ግን አንገቱን ደፋ።

«ጋሽ ፈለቀ፣ አንተስ?»

«እኔ ቀርፋፋ ነኝ። ገና አርባ ገጽ ላይ ነኝ።»

አረንጓዴው ክር እውነትም አርባ ላይ ነው። ጌታነሽ መጽሐፉን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። ከዚያ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«ሽብልቁን ከመጻሕፍቱ ላይ ተቀምጦ ነው ያገኘሁት» አለች። «በራሱ አልወደቀም፤ ሰው ነቅሎት ነው። መስኮቱ ደግሞ የገበያውን መንገድ ያያል። ታዲያ የዘጋው ብርድ የፈራ ነው ወይስ ዓይን የፈራ?»

ጌታነሽ መጽሐፉን ገለጠች።

«እትዬ ጥሩሸዋ የሚያሳፍራት ሌላ ነው። ክሯ ሃያ ላይ ነው፤ ከሃያ በኋላ አንድም የቀይ ክር ቀዳዳ የለም። ገጽ 113 ላይ ምን እንዳለ በምን ታውቃለች?»

ጥሩሸዋ ወለሉን አየች። «ወሬውን እሑድ እሑድ ከናንተ እለቅማለሁ» አለች በቀስታ።

«አባ ደግሞ ቅጠሉን ሊገነጥሉት ቢፈልጉ ሦስት ወር ነበራቸው። በዚህች ከተማ ያነበበውን የሚያበዛ እንጂ የሚያሳንስ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ዛሬ ግን አንድ ሰው አሳነሰ። ጋሽ ፈለቀ፣ ክር ይነቀላል፤ የመርፌ ቀዳዳ ግን አይነቀልም። ያንተ ቀዳዳ አርባ ላይ፣ ስልሳ ሦስት ላይ፣ ሰማንያ ስምንት ላይ አለ። የመጨረሻው 112 ላይ ነው። ከተቀደደው ቅጠል ፊት ለፊት።»

ፈለቀ ከኮቱ ውስጥ ከአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«ስለ አያቴ ምን ተጽፎ ይሆን ብዬ ቀድሜ ላየው መጣሁ፤ እሳቸው ተኝተው ነበር» አለ። «ቀጣዩን ገጽ ገለጥኩ። ‹ምንዳዬ የተባለው የአገሬው ሰው ከጣሊያኖቹ ፊት ፊት እየሄደ መንገድ መራቸው› ይላል። አያቴ ነው። ልጆቼ አርበኛ ነበር እያሉ ነው ያደጉት። ስቀድ ከመንገድ እንዳልታይ ሽብልቁን ነቅዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወጣሁ። መስኮቱን… እፍረቱ ይዞኝ ሄዶ፣ መስኮቱን ረሳሁት። እሷን ገዳይ ሲሏትም ዝም አልኩ።»

«ደስ ይልሃል አላሉህም?»

«ያላገጡብኝ መሰለኝ።»

ጌታነሽ ወረቀቱን ዘርግታ ወደ ጀርባው ገለበጠችውና ለአባ ይሥሐቅ ሰጠቻቸው። ቄሱ ዜማ በለመደ ድምፃቸው ቀስ ብለው አነበቡ፦

«‹የላክነው እኛው ነን። ጣሊያኖቹን ከጠባቡ ገደል አስገባልን፤ እዚያው እነሱ ገደሉት። ዛሬ ይህን የምጽፈው ምንዳዬ ስለሞተልኝ ነው። ዘሩን ያገኘ ሰው ይህን ያንብብለት።›»

ፈለቀ እጁን ዘርግቶ ወረቀቱን ተቀበለ። ሊያነበው ሞከረ፤ ከመጀመሪያው መስመር አላለፈም። «ሊያነቡልኝ ነበር» አለ። ጋቢውን ተከናንቦ ወደ ጣቢያው ለመሄድ ራሱ ተነሣ።

ጌታነሽ ግን በሩ ላይ ቆመች። ከቦርሳዋ ጥጎቹ የተበሉ የአንድ አገር ገዥ የሕይወት ታሪክ አወጣችና ከመደርደሪያው ባዶ ቦታ ላይ ሰካችው።

«መጽሐፍ ከቤቴ አይወጣም ያሉት በኔ ሰበብ ነው» አለች ማንንም ሳታይ። «ከስምንት ዓመት በፊት ተውሼ አልመለስኩም። ያ ሕግ ባይኖር፣ ጋሽ ፈለቀ ከቤቱ ሆኖ ያነብ ነበር። ቅጠሉንም ይገለብጠው ነበር።»

ጥሩሸዋ መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርዳ አቧራውን በነጠላዋ ጥለት ጠረገች።

«ለመሆኑ አንብበሽዋል?»

ጌታነሽ ኮፍያዋን ዝቅ አደረገች።

«እስከ ሃያ» አለች።