ወለዱ ስንት ነው?

የባንኩ ብድር ክፍል ባልደረቦቿ «እሜቴ ወለድ» ይሏታል። ከጀርባዋ አይደለም፣ ፊት ለፊቷ ነው፤ እሷም ትስቃለች። ጓደኛዋ ጫማ ስትገዛ እንኳ «ስንት ወር ያገለግልሻል?» ብላ ዋጋውን ለወራት የምታካፍል ሴት ናት። እንዲህ ያለችው ሴት ፍቅር ሲይዛት አዋጪውን መርጣ ነው እንዳይባል፣ የወደደችው የታክሲ ሹፌር ነው። ያውም የሰው ታክሲ የሚነዳ።

ጠረጴዛዋ ፊት መጀመሪያ የተቀመጠው የኤሌክትሪክ መኪና መግዣ ብድር ሊጠይቅ መጥቶ ነበር።

«ነዳጅ ሰልፍ ላይ አረጀሁ» አላት። «ማታ ሰክተኸው ብትተኛ ጠዋት ሞልቶ ይጠብቅሃል ይሉኛል። እውነት ነው?»

«እውነት ነው። ብድሩ ግን እንቅልፍ አያስተኛዎትም።»

«አንቱ አትበይኝ እንጂ! ገና ሳልበደር አስረጀሽኝ።»

ሳቀች፤ ከዚያ ወረቀት ስባ ታስረዳው ጀመር። ባንኩ ማስያዣ ንብረት ይጠይቃል፣ እሱ ደግሞ የለውም። መኪና መሸጫው ራሱ የሚሰጠው ብድር ወለዱ ሲያዩት ትንሽ ነው። ግን የሚታሰበው በቀረው ዕዳ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ በተበደሩት ሙሉ ገንዘብ ላይ ነው። «ዕዳህን አጋምሰህ እንኳ ወለዱን የምትከፍለው እንደ ሙሉ ነው» አለችው። «በዚያ ላይ ለባትሪው በየወሩ ኪራይ ያስከፍሉሃል። ዋጋውን ብቻ አይተህ እንዳትፈርም።»

እሱ ወረቀቱን ትቶ እሷን ነበር የሚያየው።

«ገባህ?»

«አልገባኝም። ነገ ልምጣ?»

በማግስቱ መጣ። ሌላም ቀን ደገመ። ሲሰለስ ባልደረቦቿ በየወንበራቸው ጉሮሯቸውን መጠራረግ ጀመሩ።

ከሥራ ስትወጣ ታክሲውን አቁሞ ይጠብቃት ነበር። ሞተሩን አጥፍቶ፣ መስታወቱን ዝቅ አድርጎ ብዙ ያወራታል። አንድ ቀን ግን መሪውን እንደያዘ፣ «ታውቂያለሽ፣ ዕድሜዬን ሁሉ የሰው መኪና ነው የነዳሁት» አላት። «ባለቤቱ ማታ ማታ ቁልፉን ይቀበለኛል። ቁልፉን ስሰጠው ዓይኔን አያየኝም፣ መኪናውን ነው ዞሮ የሚያየው፤ ጭሬበት እንደሆነ። አንድ ቀን ቁልፌን ኪሴ ከትቼ መተኛት ነው የምመኘው።»

እጁን ያዘችው። አሳዘናት፣ ወደደችውም። የነገራት ነገር ግን አልገባትም።

ባንኩ ለሠራተኞቹ የመኪና ብድር ይሰጣል፤ ወለዱ ለሌላው ሰው ከሚታሰበው ግማሽ ነው። ሳትነግረው አመለከተች፣ ተፈቀደላት። እንደ እናት ሆና ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ቤት ምሳ ተጋብዘው ሳለ ደስታዋን መያዝ አቃታት።

«መኪናው በእኔ ስም ይገዛል፣ አንተ ትነዳዋለህ! ለመሸጫው ከምትከፍለው ወለድ ግማሹን እንኳ አትከፍልም!»

እህቱ እጇን አጨበጨበች። «እሰይ ወንድምዬ፣ አሠሪ ቀየርክ በለኛ!»

ሁሉም ሳቀ። እሱ ውኃ አነሳና ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው።

ሲሸኛት ቤቷ በር ላይ ሲደርሱ «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ላስደስትህ ብዬ ነዋ!»

«ሊብሬው ላይ ስሜ አይኖርም ማለት ነው?»

«ብድሩ እስኪያልቅ ብቻ። ደግሞስ የእኔና ያንተ ምን ልዩነት አለው? ስሌቱን እኮ እየው!»

«ስሌቱንማ አየሁት» አላት። እሷ ይህን እንደ እሺታ ቆጠረችው።

በሳምንቱ ከሥራ ስትወጣ ባንኩ በር ላይ አንዲት ነጭ መኪና ድምፅ ሳታሰማ መጥታ ቆመች። የወንበሯ ፕላስቲክ ገና አልተገፈፈም። እሱ ወርዶ ዞረና የፊቱን በር ከፈተላት። ዓይኖቹ እንዲያ ሲያበሩ አይታ አታውቅም።

«ግቢ» አላት።

ባለችበት ቆመች። «ከመሸጫው ተበደርክ?»

«ግቢ እስቲ መጀመሪያ።»

«ወለዱ ስንት ነው?»

ፊቱ ሲጠቁር አየችው። አይታም ማቆም አልቻለችም። «በሙሉው ላይ ነው ያሰቡብህ፣ አይደል? የባትሪ ኪራዩስ? አሞኙህ እኮ! ያ ሁሉ ቀን ቁጭ ብዬ ያስረዳሁት ለግድግዳ ነው?»

ዘበኛው ዞሮ አያቸው። የሚወጡት ባልደረቦቿ ደረጃው ላይ ቆም አሉ።

«ሁሉን አውቄ ነው የፈረምኩት» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የነገርሽኝ በሙሉ ገብቶኛል። ውድ ነው፤ ግን የእኔ ነው። ገብተሽ እንኳን ደስ አለህ ብትይኝ፣ ስድቡን ነገም ትደርሺበት ነበር፣ እሜቴ ወለድ።»

በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ ሄደ።

ያን ሰሞን ስልኳን ስንቴ አንስታ ስንቴ መልሳ እንዳስቀመጠችው እሷ ናት የምታውቀው። ልክ የነበርኩት እኔ፣ ይቅርታ የምጠይቀውም እኔ? እያለች ከራሷ ጋር ተሟገተች። እሱ ይደውል ብላ ጠበቀች። ምናልባት እሱም ጠብቋት ይሆናል። ማንም ሳይደውል ጊዜው ነጎደ።

ከዓመታት በኋላ የተረፈውን ዕዳ ወደ ባንኩ ለማዞር መጣ። ብቻውን አልነበረም፤ አንዲት ፈገግታ የማይለያት እርጉዝ ሴት አብራው ተቀምጣለች፣ ሚስቱ።

እሜቴ ወለድ እንደ ማንኛውም ደንበኛ አስተናገደችው፤ ሒሳቡንም ሳታጓድል ሠራችለት። ወረቀቱን አየና፣ «ያኔ ያልሽው ሁሉ ልክ ነበር» አላት።

ይህን ቃል ስንት ጊዜ ተመኝታው ነበር! አሁን ሲነግራት ምን እንደምታደርገው ጠፋት።

«ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አለች ሚስቱ ደስ ብሏት። «እኔ እንኳ ወለድ ምናምን አይገባኝም። ጎረቤቱ ነበርኩ። መኪናውን የገዛ ዕለት ፊቱን አጥቁሮ ሰፈር ገባ፤ ሰው የሞተበት ነበር የሚመስለው። አዲስ መኪና ይዞ እንዲህ የሚያዝን ሰው አይቼ ስለማላውቅ፣ እንኳን ደስ አለህ ብዬው መኪናው ውስጥ ዘው አልኩ፤ ገብቼ ቁጭ! ያን ቀን ከተማውን ሲያዞረኝ አመሸ።»

እሱ ወደ መሬት አቀረቀረ።

«አንቺስ እህቴ፣ ምን ትነጂያለሽ?»

«ምንም» አለች እሜቴ ወለድ፣ የሚፈርሙበትን ቦታ በጣቷ እያሳየቻቸው። «እያሰላሁ ዘገየሁ።»